መልስ፦ ሙቀት እየሳበ ለምን ይቀዘቅዛል?
ሙቀት የሚስብ ለውጥ አካባቢውን ያቀዘቅዛል ሲባል "ሙቀት ከሳበማ መሞቅ አልነበረበትም ወይ?" ላልከው፣ ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። የተሳበው ሙቀት እኮ ቴርሞሜትር ላይ አይታይም። አሞንየም ናይትሬት የሚባለውን ጨው ውሃ ውስጥ ስትጨምር አዮኖቹን (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን ቅንጣቶቹን) ለመለያየት ኃይል ያስፈልጋል፣ ውሃው አዮኖቹን ሲከባቸው የሚለቀው ደግሞ ያንን አይሸፍንም፤ ስለዚህ የጎደለው፣ ለ1 ሞል (ሞል በኬሚስትሪ የቁስ መጠን መለኪያ ነው) 26 ኪሎጁል ገደማ፣ ከራሱ ከውሃው ይወሰዳል። ውሃው ይቀዘቅዛል። ከዚያ ብርጭቆውን የያዘው እጅህ።

ሚቴን የሚባለው ጋዝ ሲቃጠል ተቃራኒው ነው፣ ሙቀት ይወጣል። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ቦንድ (አቶሞችን የሚያያይዘው ትስስር) ሲሰበር ሙቀት አይወጣም! መስበር ሁሌም ኃይል ይፈልጋል፤ የሚወጣው አዲስ ቦንድ ሲፈጠር ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ቦንዶች ሲፈጠሩ የሚለቀቀው ለመስበር ከወጣው ስለሚበልጥ፣ ለ1 ሞል ሚቴን 890 ኪሎጁል ያህል ተርፎ ወደ አካባቢው ይሄዳል።