«ፖለቲካውን ተወውና ጉዞውን ጻፍ»

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጀማሪ ጸሐፊ ለመጽሔት ያዘጋጀችውን የጉዞ ጽሑፍ እንዳይላት ላከችልኝ። ቋንቋዋ ያማረ ነው፤ ዓይኗም አላንቀላፋም። ከጽሑፉ ግርጌ ግን እንዲህ የሚል ጥያቄ አክላለች፦ «ጋሼ፣ ፖለቲካ ውስጥ ሳልገባ ስለ ጉዞ ብቻ እንዴት ነው የምጽፈው? አዘጋጁ የሚፈልገው እንደዚያ ነው።» በሁለት መስመር መልሼላት ልገላገል ቁጭ አልኩ፤ አልሆነልኝም። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምትጠይቁም ረዘም አድርጌ ይኸው። ታገሱኝ፤ ሽማግሌ ወሬ የሚጀምረው ከሩቅ ነው።

ነገሩ የሆነው የፕሬስ ነፃነት አዋጁ፣ ቁጥር 34/1985፣ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ነው። እናንተ አልደረሳችሁበትም። ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለሳንሱር ማቅረብ ቀረ ተባለ። ጋዜጣውና መጽሔቱ እንደ አሸን ፈላ፤ አዟሪ ልጆች በክንዳቸው ላይ ደርድረው በየካፌው በር ይዞሩ ነበር። እኔ የምሠራበት መጽሔት አዘጋጅ፣ ስሙ ይቆይና፣ አንድ ቀን ጠራኝና «አንባቢው በፖለቲካ አንገቱ ድረስ ሞልቷል። በባቡር ድሬዳዋ ደርሰህ ና። ቀለል ያለ፣ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ጻፍልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ማን ይጠላል!

የመሄጃውን አልተርክላችሁም። ስለ ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላና ስለ ድሬዳዋ ሙቀት ሰው ሁሉ የሚለውን እኔም ብያለሁ። ነገር ያለው በመልሱ ላይ ነው።

ያኔ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ግማሹ መንገደኛ፣ ግማሹ ኮንትሮባንድ ነጋዴ ነበር ማለት ይቻላል። በጅቡቲ በኩል የገባው ሸሚዝ፣ ሽቶ፣ ሳሙና፣ ሬዲዮ በየፉርጎው ይሰገሰጋል፤ ከመቀመጫ ሥር፣ ከጣሪያው ጣውላ በላይ፣ ሰው ገላ ላይ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ልጅ ሦስት ሱሪ ደራርቦ ስለነበር ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት፣ እግሩን መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ ሰው ሁሉ እየተራመደው ያልፋል። ከጎኔ ደግሞ ነጠላዋን ያጣፋች፣ በእናቴ ታናሽ ዕድሜ ያለች ሴት አለች። ጭኗ ላይ ቀይ አበባ የተሳለበት ፔርሙስ ይዛለች፤ ክዳኑን ከብስክሌት ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። ኤረርን አለፍን፣ አፍደምን፣ ሚኤሶን። በየጣቢያው ውኃና ፍራፍሬ በመስኮት ይሸጣል። እሷ ግን ከፔርሙሱ አንድም ጊዜ አልቀዳችም። ይህን አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።

ወደ አዋሽ ስንቃረብ «ፊናንስ!» (ኮንትሮባንድ የሚፈትሸው ፖሊስ ማለት ነው) የሚል ሹክሹክታ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ አለፈ። ወሬው ሁሉ በአንዴ ጸጥ አለ። ሴትዮዋ ፔርሙሱን አንስታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችና «የኔ ልጅ፣ አንዴ ያዝልኝ» አለችኝ። እንቢ ለማለት ጊዜም አልነበረኝ።

ፊናንሱ ቀጭን የብረት ዘንግ ይዞ ገባ። ጆንያውን ይወጋል፣ ከወንበር ሥር ይጎረጉራል። እኛ ጋ ሲደርስ ዘንጉን ወደ ላይ ሰደደና ጣውላውን ገፋው፤ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ትልቅ እስር መሬት ዱብ አለ። «የማን ነው?» አለ። ዝም። «የማን ነው?» አሁንም ዝም። ያ ሁሉ ሰው የማን እንደሆነ ያውቃል፤ አንድም አፍ አልተከፈተም። ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ ሜዳውን እያየች፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ «እናትህ አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አሉ» አልኳት። ፊናንሱ ወደ እኔ ዞረ። «ፔርሙሱ ውስጥ ምንድን ነው?» «ሻይ» አልኩት። መስሎኝ ነበራ! እስሩን ወደ ታች ወርውሮት ሄደ።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ፔርሙሱን ተቀበለችኝ፣ ጎማውን ፈታች፣ ከፈተችው። ሻይ የለም። በጥጥ የተጠቀለሉ የእጅ ሰዓቶች ናቸው። ፉርጎው በሳቅ አወካ፤ እኔም ሳቅኩ፤ እሷም አልቀረችም።

ሳቁ ሲበርድ ነው ቀስ ብላ የነገረችኝ። ባሏ የቀድሞው ጦር ወታደር ነበር። ጦሩ በ1983 ሲበተን ወደ ቤቱ ገባ። ዘበኛ ለመሆን እንኳ የሚቀጥረው አጥቶ ቤት ውሏል። እሷ የጆሮዋን ወርቅ ሸጣ፣ በዚያ ላይ ተበድራ ነው ይህን ንግድ የጀመረችው። አዋሽ ላይ የቀረው እስር በዚያ ገንዘብ የተገዛ የራሷ ዕቃ ነው። ሰዓቶቹ ግን የእሷ አይደሉም፤ አድርሺልኝ ያላት ሰው ንብረት ናቸው። «የሰው አደራ ተረፈልኝ፤ ተመስገን» አለች። የራሷን አላነሳችውም።

እንዳየሁትና እንደሰማሁት ጻፍኩት፤ ስሟን ብቻ አልጠቀስኩም። ጽሑፉን በጽሕፈት መኪና የምትመታልን ልጅ እዚያ አንቀጽ ላይ ስትደርስ ጣቷን አነሳችና «ወንድሜም እንደዚሁ ቤት ነው ያለው» አለችኝ፤ ከዚያ መምታቷን ቀጠለች። (ይህቺ ልጅ የካርቦን ወረቀት ቁጠባ ነፍሷ ነበር። አንዱን ካርቦን ቀለሙ እስኪጠፋ ትመታበታለች፤ ቅጂ ስትሰጣችሁ ባዶ ወረቀት የሰጠቻችሁ ይመስላችኋል። ዛሬ ያ አንቀጽ በእጄ የሌለው በዚህ ነው።)

አዘጋጁ ቀይ እስክሪብቶውን አነሳና «ባሏ» ከሚለው ቃል ጀምሮ እስከ «ተመስገን» ድረስ ሰረዘው። የወደቀውን እስርም ሰረዘው። ፔርሙሱን ግን አልነካውም። «ጉዞ ነው ያልኩህ እኮ!» አለኝ። «ሳንሱር ቀርቷል አይደለም እንዴ?» አልኩት። «እሱማ ቀርቷል፤ ስለዚህ የምጠነቀቀው እኔ ነኝ» አለ። ብዙ ተከራከርን፤ እሱ ረታ። መጽሔቱ ሲወጣ ዓይኗ የሚቁለጨለጭ፣ ፔርሙስ ያቀፈች ሴት በካርቱን ተስላ አየሁ። አንባቢ ወደደው! መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «ያቺ ጮሌ እንዴት አደረገችህ!» ይለኝ ነበር። ያቺን ሴት ባቡር ያሳፈራት ምክንያት ሲወጣ የቀረችው የምታስቅ ሌባ ነበረች። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የተሰረዘውን አንቀጽ አስቢው። የፓርቲ ስም አልነበረበትም። መንግሥት የሚል ቃል አልነበረበትም። እኔም ፍርድ አልሰጠሁም። አንዲት ሴት ለምን ባቡር እንደተሳፈረች ብቻ ነው የሚለው። አዘጋጁ ፖለቲካ ያለው ይህን ነው። ስለዚህ አንቺ ፖለቲካ ውስጥ ባትገቢም ፖለቲካው ቀድሞሽ ተሳፍሮ ታገኚዋለሽ።

ስለ ሰው ብቻ አይደለም፣ ስለ ቦታም እንደዚያው ነው። ድሬዳዋ ለምን እዚያ ተቀመጠች? ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብ ስለጠየቀ ከግርጌው ቀረና በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሜዳው ላይ ሲደርስ ከተማ ተቆረቆረ። ከዚያ አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ቆየ። ያን ሁሉ ዓመት የፈጀው የመሬቱ አቀማመጥ ብቻ አይደለም። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን ማን ይዘዝበት እያሉ ተጓተቱ፤ አፄ ምኒልክም መንገዱ በባዕድ መንግሥት እጅ እንዳይወድቅ ሰጉ። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ ከዚራ ላይ ቆሞ የሚያየው ጥላ ብቻ አይሆንም። ሁለት መስመር ይበቃዋል፤ ሦስተኛው ትምህርት ቤት ይሆናል።

የዛሬ ልጆች ላይ የማየው ችግር ደግሞ ከአዘጋጄ የተገላቢጦሽ ነው። ግማሾቻችሁ ገና መኪና ሳትሳፈሩ አቋማችሁን ጨርሳችሁ ትነሳላችሁ። ላሊበላ ሄዶ፣ አርባ ምንጭ ሄዶ፣ ይዞት የሄደውን ንግግር መልሶ ይዞት የሚመጣ አለ፤ ከተማዋን ብትቀይሩለት ጽሑፉ አይነካም። ሌሎቻችሁ በሆቴልና በአስጎብኚ ግብዣ ሄዳችሁ የአልጋውን ምቾት ጽፋችሁ ትመለሳላችሁ። ካሜራውም አስቸግሯል፤ ሰላምታ ሳይቀድም ስልክ ይደቀናል። እንዲህ ብዬ ስነጫነጭ ልጄ «አባዬ፣ አንተም ብትሆን ያኔ ስልክ ቢኖርህ የሰዓቶቹን ፎቶ አታነሳም ነበር?» አለችኝ። አነሳ ነበር መሰለኝ። ግን ያን ጊዜ ሴትዮዋ ስለ ባሏ የምትነግረኝ አይመስለኝም።

አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ውሰዱ፤ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ብዙ ቪዲዮ አይቻለሁ፦ ወንበሩ፣ መስኮቱ፣ ፍጥነቱ። ለገሃር መሀል ከተማ ነበር፤ አዲሱ ጣቢያ ለቡ በኩል ወጥቷል፤ ድሬዳዋም ስትደርሱ የምትወርዱት ከከተማው ውጭ ነው። ከጣቢያው እስከ ከተማ ማን ያደርሳችኋል? ስንት አስከፈላችሁ? ድሮ በየጣቢያው በመስኮት ውኃ ታቀብል የነበረችው ሴት ዛሬ ምን ሠርታ ታድራለች? ይህን የጠየቀ ቪዲዮ እስካሁን አላጋጠመኝም። አንዳችሁ ብትጽፉት ገዝቼ አነበዋለሁ።

ስለ አጻጻፉ ብዙ አልልም። አንብቡ፣ ደጋግማችሁ አርሙ የሚለውን ከእኔ መስማት አያስፈልጋችሁም። «እኔ» የሚለውን ቃል ቀንሱ፤ አንባቢ የሚፈልገው መንገዱን እንጂ እናንተን አይደለም። (ይህን ደብዳቤ አትቁጠሩት።) የምታገኙት ሰው ሕግ የሚያስጠይቀው ነገር ከያዘ ስሙን ብቻ ሳይሆን የሚያስለየውን ምልክት ሁሉ አውጡ፤ እኔ አበባውን ቀይ ያልኩት ቀይ ስላልነበረ ነው። የሰማችሁትን ማታውኑ ጻፉት፤ ሲያድር እናንተ የተናገራችሁት ቃል እያማረ፣ የእነሱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከአዘጋጅ ጋር ደግሞ በትንሽ በትልቁ አትጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰርዘው መሰረዝ ያለበትን ነው፤ የእኔም አዘጋጅ ከዚያ በፊት ብዙ የፀሐይ መጥለቂያ ሰርዞልኛል፤ አመሰግነዋለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ግን አትላወሱ። አዘጋጁ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ያደረጉትን እንዳለ አትሞ ያደረጉበትን ምክንያት የሚሰርዝ ከሆነ፣ «ምክንያቱ ከተሰረዘ ታሪኩም አብሮ ይሰረዝልኝ» በሉት። ይቆጣል። ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን ደርሷል፣ ግማሽ ገጽ ባዶ ቀረብኝ ይላል። ማስታወቂያ ፈልጎ ይሙላው።