ባንዱን ወይስ ዲግሪውን?

ከፕሪቶሪያ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ለሌሎች አንባቢዎች ላሳጥረው። ሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነሽ። ከትምህርት ቤት ጓደኞችሽ ጋር አፍሪካንስ በሚባለው የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ በሚዘፍን የፎክ ሮክ ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን ትጫወቻለሽ። የአንዳንዶቹ ዘፈኖች ዜማም ያንቺ ነው። አሁን ሥራ መምጣት ጀምሯል። ጊታሪስታችሁ «ሁላችንም ትምህርቱን እናቁምና አገሩን እንዙር» ይላል። እናትሽ ደግሞ «በሰው ቋንቋ ተጫውተሽ ምን ልትበዪ ነው?» ይላሉ።

ባንዱንም አትተዪ፣ ትምህርቱንም አታቋርጪ። ሁለቱንም ላስደስት ብዬ አይደለም። በዚህ ሙዚቃ ብዙ የቆዩት ሰዎች እንዴት እንደኖሩ አይቼ ነው።

ጊታሪስታችሁ ምሳሌ የሚያደርገው የ1989ኙን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) ፉልፍራይ የሚባለውን የሙዚቃ ጉዞ ነው ብለሻል። እውነቱን ነው፣ ትልቅ ነገር ነበር። ዘፋኞቹ ዮሃንስ ኬርኮረል ከራሱ ባንድ ጋር፣ ኩስ ኮምባይስ፣ ጄምስ ፊሊፕስ በአፓርታይድ መሪዎች ላይ በገዛ ቋንቋቸው እየተሳለቁ ከካምፓስ ካምፓስ ዞሩ። ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ግቢዬ ውስጥ አትጫወቱም አላቸው። ግን ልጁ ታሪኩን ግማሹን ነው የሚያወራው። ኬርኮረል ጋዜጠኛ ነበር። ሥራውን በፈቃዱ አልለቀቀም፤ የያኔውን ፕሬዚዳንት የፒ ደብልዩ ቦታን ንግግር በዘፈኑ ውስጥ ስለተጠቀመ ጋዜጣው አባረረው። ባንዱም ብዙ ሳይቆይ ተበተነ። አንድ ጉዞ ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ የቤት ኪራይ ግን በየወሩ ነው የሚመጣው።

እኔ ባሳይሽ የምመርጠው ብሪክስተን ሙርድ ኤን ሩፍ ኦርኬስ የሚባለውን ባንድ ነው። ስማቸውን የወሰዱት ከጆሃንስበርግ የግድያና የዝርፊያ ወንጀል መርማሪ ፖሊሶች ነው፤ ቀልደኞች ናቸው። እነሱም እንደናንተ በአፍሪካንስ ፎክ ሮክ የሚጫወቱ ናቸው። ከዘፋኞቹ አንዱ አንድሪስ ቤዛይደንሃውት የሶሲዮሎጂ ምሁርና ገጣሚ ነው። የሚያጠናው ምን መሰለሽ? ሥራን! በ2008 ስለ ሠራተኞች የኑሮ ዋስትና ማጣት ከሌሎች ጋር መጽሐፍ አሳትሟል። የሥራ ዋስትናን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ዩኒቨርሲቲውን ለጊታር ብሎ አልተወም። ራዲዮ ካላሃሪ ኦርኬስ የሚባለውን ባንድም ተመልከቺ። መሪያቸው ኢያን ሮበርትስ ተዋናይ ነው፤ ኦስካር ያገኘው «ጾጺ» ፊልም ላይ ፖሊሱን ሆኖ የተጫወተው እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ሌላ እንጀራ ስላላቸው ሙዚቃቸው ቀልድ አልሆነም። እንዲያውም ሬዲዮ ምን ይወዳል ብለው ሳይጨነቁ የፈለጉትን ይጽፋሉ።

ለእናትሽ ደግሞ ይህን ንገሪያቸው። በ2022ቱ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከ62 ሚሊዮኑ የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ 10.6 በመቶው ቤቱ ውስጥ አፍሪካንስ ይናገራል። ከዙሉና ከቆሳ ቀጥሎ ሦስተኛ ነው። ደግሞ የነጮች ቋንቋ ብቻ እንዳይመስላቸው፤ ከተናጋሪዎቹ ከግማሽ በላይ ነጭ አይደሉም። አድማጩ በቁጥር ብዙ ባይሆንም የተደራጀ ነው። የራሱ ሬዲዮ አለው፣ የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ አለው፣ ከ1995 ጀምሮ ኦድስሆርን ከተማ የሚካሄደውን ጨምሮ ትልልቅ ፌስቲቫሎች አሉት። ችግሩ ፌስቲቫል በየሳምንቱ አለመኖሩ ነው። ከፕሪቶሪያ ኦድስሆርን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነዳጁን፣ ማደሪያውን፣ የድምፅ ባለሙያውን ቀንሰሽ የቀረውን ለአምስት ስታካፍዪው ስንት እንደሚደርስሽ አስቢው። ይህን ስሌት ከባንዱ ውስጥ ካንቺ በላይ የሚሠራ ሰው የለም። ለባንዱ ከአኮርዲዮኑ እኩል የሚያስፈልገው ይሄ ሙያሽ ነው።

አሁን ደብዳቤሽ ውስጥ ያስጨነቀኝ ነገር ላይ ልምጣ። «ዜማው ያንቺ ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም» ብለሻል። ይሄ ከትምህርቱ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል። እዚያው ጆሃንስበርግ ውስጥ ዘፋኙ ሰሎሞን ሊንዳ በ1939 «ምቡቤ» የሚለውን ዘፈኑን ቀዳ። መብቱን የሸጠው በ10 ሽልንግ ነው ይባላል። ያ ዜማ ዓለምን ዞሮ የሆሊውድ ፊልም ውስጥ ገባ፤ እሱ ግን በ1962 ደሃ ሆኖ ሞተ። ቤተሰቡ ስምምነት ላይ የደረሰው በ2006 ነው፣ ያውም ፍርድ ቤት ከሄዱ በኋላ። ታሪኩን በ2000 ለዓለም ያወጣው ጋዜጠኛ ሪያን ማላን፣ ከላይ ከጠቀስኩልሽ ከራዲዮ ካላሃሪ ኦርኬስ ጋር የሠራ ሰው ነው። ጓደኞችሽ ስሙን ሳይሰሙ አይቀሩም።

ስለዚህ ገና ተዋዳችሁ ሳላችሁ፣ ገንዘቡም ትንሽ ሳለ፣ በወረቀት አድርጉት። በእያንዳንዱ ዘፈን የግጥሙ ባለቤት ማን ነው? የዜማውስ? ድርሻው በመቶኛ ስንት ነው? የባንዱ ስም፣ አንድ ሰው ሲወጣ ለማን ይቀራል? ሁላችሁም ፈርሙ። ከዚያ ሳምሮ ተመዝገቢ። ከ1961 ጀምሮ ለዜማና ለግጥም ደራሲዎች ክፍያ የሚሰበስበው ድርጅት ነው። ቀረጻችሁ ሬዲዮ ላይ ሲሰማ ለተጫዋቾች የሚከፍለው ደግሞ ሳምፕራ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ፤ አንዱ ጋ ተመዝግቦ ጨርሻለሁ የሚል ሙዚቀኛ ብዙ ነው። መድረክ ላይ የተጫወታችሁትን የዘፈን ዝርዝርም ለሳምሮ ላኩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። አንቺ ግን ደረሰኝ መሰብሰብ የለመድሽ ልጅ ነሽ።

አንድ ነገር ደግሞ በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም። የምትኖሪው በተማሪ ቪዛ ነው? ከሆነ መሥራት የሚፈቀድልሽ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፤ ትምህርቱን ካቋረጥሽ ደግሞ ቪዛው የተሰጠበት ምክንያት ይጠፋል። ጊታሪስታችሁ እዚያው ተወልዶ ይህን ላያስበው ይችላል፣ አትቀየሚው። አንቺ ግን ከሱ ጋር አንድ አይነት ውሳኔ አትወስኚም።

ለጊዜው አዲስ ሥራ ሲመጣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ቀኑን ከፈተና ሰሌዳሽ ጋር አስተያዪው። ፈተና ላይ ከወደቀ ለዚያ ቀን ሌላ የአኮርዲዮን ተጫዋች ፈልጉ፤ ለባንዱም ቀድመሽ ንገሪያቸው። የድርሻ ወረቀቱን ስትጨርሱ ስሞቹን ሰርዘሽ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።