ለትልቅ የብረት ታንክ የትኛው ሪሞት ይሻላል? (መልስ)

ወንድሜ፣ 1/6 ልኬት ያለውን የታይገር ጦር ታንክ ሞዴል በድሮው 40 ሜጋኸርዝ ሪሞት ላስኪደው ወይስ አዲስ ልግዛ ብለሃል። አዲስ ግዛ። ግን ብዙ ብር አታፍስበት።

የዛሬዎቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠሩት። ሪሞቱና ሪሲቨሩ (ታንኩ ውስጥ ያለው ሲግናል ተቀባይ) አንዴ ከተጣመሩ ሌላ ሰው አጠገብህ የራሱን ቢከፍት ታንክህ አይደናበርም።

እኔ ከምንም በላይ የማየው ፌልሴፉን ነው። ሲግናል ሲጠፋ ሞተሮቹ ወዲያው መቆም አለባቸው። ያን ያህል ብረት ወደ ሰው እግር ሲሄድ አስበው! ሰንሰለቶቹ መሬት እንዳይነኩ ታንኩን ጣውላ ላይ አስቀምጠውና እየዞሩ ሳለ ሪሞቱን አጥፋ። እኔ መጀመሪያ ስሞክር የግራው ሰንሰለት መዞሩን ቀጠለ። ለካ ፌልሴፉን ስመዘግብ፣ ማለትም ሲግናል ሲጠፋ ስቲኩ (የሪሞቱ መንጃ ዘንግ) እንዳለ የሚቆጠርበትን ቦታ ስይዝ፣ ጣቴ ገፍቶት ነበር!

ቻናል (ሪሞቱ ለየብቻ የሚያዘው እያንዳንዱ ሥራ) ለመንዳት 2፣ ለቱሬቱ (ለሚዞረው የታንኩ አናት) እና ለመድፉ 2 ይበቃል። ድምፅና ጭስ ካከልክ 6 ይሞላል፤ ስለዚህ 8 ወይም 10 ያለው ይሻላል። ፍላይስካይ አይ6ኤክስ የሚባለው ሪሞት እስከ 10 ይደርሳል፣ ዋጋውም ኪስ አይጎዳም። ሪሲቨሩ ስንት መውጫ እንዳለው ግን ሳታይ እንዳትገዛ።

አንድ ነገር ልብ በል። የአውሮፕላን ሪሞት የነዳጅ ስቲኩ (ፍጥነት የሚሰጠው) ራሱ ወደ መሃል አይመለስም። ወይ ስፕሪንግ አስገባለት፣ ወይ መንዳቱን በሙሉ ራሱ ወደ መሃል ወደሚመለሰው ሌላው ስቲክ አዙረው። ሚክሲንጉን (የአንዱን ስቲክ ትእዛዝ ለግራና ለቀኝ ሞተር ማከፋፈሉን) ደግሞ ወይ በሪሞቱ ወይ በሞተር መቆጣጠሪያው አድርግ። ሁለቱም ላይ ከሆነ ታንኩ ግራ ይገባዋል፣ አንተም እንዲሁ።

አንቴናውን ብረቱ ውስጥ አትቅበረው። ጫፉ ላይ ያለችው 3 ሴንቲሜትር ገደማ የምትሆን ራቁት ሽቦ ውጭ ትሁን።