ከቦታው ንቅንቅ ያላለው ተጓዥ ውኃ መርጫ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የአንድ እንግዳ ማረፊያ ሣር እንከባከባለሁ። ትንሽ ትራክተር የሚመስል፣ ላስቲኩን ተከትሎ በራሱ እየሄደ የሚያጠጣ መርጫ አለን። አምና በከተማው ቧንቧ ደህና ይሠራ ነበር። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ከሮቶ ብናገናኘው ክንዶቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ እሱ ግን አይሄድም። ማርሹን አስፈትቼ ላስቀይረው?

መልስ፦ ገና አያስፈቱት፤ አስቀድመው ውኃውን ይጠርጥሩ። መርጫው ከውኃው ግፊት በቀር ሞተር የለውም። ከክንዶቹ ጫፍ የሚወነጨፈው ውኃ ክንዶቹን ያዞራል፤ የክንዶቹ ዘንግ ማርሹን ያዞራል፤ ማርሹ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹን ጥርስ አንድ በአንድ የሚገፋውን ምላስ ያንቀሳቅሳል። ክንዶቹ ከደከሙ ጎማው አይሄድም።

ሮቶው ስንት ሜትር ላይ እንደተሰቀለ አልጻፉልንም፤ ነገሩ ግን ያለው እዚያ ይመስለናል። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ግፊት ብቻ ነው። ባለ 4 ሜትር ማማ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለው መርጫ ላስቲክ እየጎተተ እንዲሄድ 2 ባር ያህል ይፈልጋል። ከሮቶው ቀጥሎ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ያስገቡ፤ አለዚያ ብዙ ሰው ውኃ በማይከፍትበት በማለዳ ከከተማው መስመር ያጠጡ።

ላስቲኩንም ይለኩ። ግማሽ ኢንች ከሆነ ያንኑ ውኃ ሲያሳልፍ የሚያባክነው ግፊት ከሦስት ሩብ ኢንቹ ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ሦስት ሩብ ኢንቹም ቢሆን 30 ሜትሩ ከ8 ኪሎ በላይ ውኃ ስለሚይዝ፣ መርጫው ያንን ሁሉ መጎተት አለበት። ትርፉን ላስቲክ ይቀንሱ።

የክንዶቹን ጫፍ ፈትተው ደለሉን በቀጭን ሽቦ ያውጡ። ኖራ መሰል ነገር ከያዘው ኮምጣጤ ውስጥ ያሳድሩት። ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ማስፋት ግን ትልቅ ስህተት ነው፤ ውኃው ይበዛል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ክንዱም ይብሱን ይደክማል።

ግፊቱ ተስተካክሎም ካልሄደ ውኃውን ዘግተው የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት ያንሱና ክንዶቹን በተለመደው አቅጣጫቸው በእጅ ያዙሩ። ክንዱ ብዙ ጊዜ ሲዞር ጎማው በጥቂቱ መራመድ አለበት። ክንዱ በቀላሉ እየዞረ ጎማው ከቆመ፣ የማርሽ ማስገቢያው እጀታ ወጥቶ ወይም የምላሱ ሞላ ተሰብሮ ወይም በዝገት ተጣብቆ ይሆናል፤ ከክረምት በኋላ ዝገቱ የተለመደ ነው። ክንዱ ራሱ ከከበደ ግን የማርሹን ክዳን ይክፈቱ። ግራሶው እንደ ወተት ነጥቶ ካገኙት፣ የዘንጉ ጎሚኒ አልቆ ውኃ አስገብቷል ማለት ነው። አሮጌውን ግራሶ በነጭ ጋዝ አጥበው ያድርቁ፣ ጎሚኒውን ይቀይሩ፣ አዲስ ግራሶ ይቀቡ። ጎሚኒ ሊገዙ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ በግምት የተገዛ ያፈሳል። የነሐሱ ማርሽ ጥርስ ተበልቶ ከሆነም፣ አዲስ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ጥሩ ቶርኖ ቤት አሳይተው ይጠይቁ።