ሕንፃውን ሸጦ ተከራይ የሚሆን ባለቤት

ጥያቄ፦ የሠራተኞች ብድርና ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። አንድ ድርጅት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃውን ሊሸጥልን ይፈልጋል። ግን አይለቅም፤ ለአሥር ዓመት እዚያው ተከራይቶ ሊቀመጥ ነው። አባላቱ "ቤት ከነተከራዩ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?" ይላሉ። የእኔ ልብ ግን አልቆረጠም። ምን ይላሉ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልብዎ አለመቁረጡ ደግ ነው። ማጭበርበር ነው ማለቴ ግን አይደለም። ውጭ አገር የጡረታ ፈንዶችና ኢንሹራንሶች እንዲህ ያለ ሕንፃ ይወዳሉ፤ ሻጩ ሲሚንቶ ውስጥ የታሰረ ገንዘቡን ያወጣል፣ እነሱም የብዙ ዓመት ኪራይ ያገኛሉ።

የኤችኤስቢሲን፣ የትልቁን የእንግሊዝ ባንክ ነገር ልንገርዎት። ባንኩ ለንደን፣ ካናሪ ዋርፍ ያለውን ዋና መሥሪያ ቤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 ሜትሮቫሴሳ ለተባለ የስፔን ኩባንያ በ1.09 ቢሊዮን ፓውንድ ሸጠና እዚያው ተከራይቶ ቀረ። ገዢው አብዛኛውን ገንዘብ ከማን የተበደረ ይመስልዎታል? ከራሱ ከሻጩ! የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ብድሩን የሚተካለት አበዳሪ አጣ፤ ባንኩም በ2008 መጨረሻ ሕንፃውን በ838 ሚሊዮን መልሶ ወሰደው። በዓመቱ ለደቡብ ኮሪያ የጡረታ ፈንድ በ772.5 ሚሊዮን ሸጠው፣ ኮሪያዎቹ ደግሞ በ2014 ለኳታር መንግሥት ፈንድ አስተላለፉት። በ2023 ባንኩ ውሉ ሲያልቅ እንደሚለቅ አስታወቀ። አርባ አምስት ፎቅ ነው እንግዲህ፣ ተከራይ ፈልጉለት።

ስለዚህ ከሕንፃው በፊት ተከራዩን እዩት። ለምን ብር ቸገረው? የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርቱን ጠይቁ። ኪራዩንም ከጎረቤት ሕንፃዎች ጋር አስተያዩት። በጣም ከበለጠ የሽያጭ ዋጋውም አብሮ ተሰቅሏል ማለት ነው፤ ያኔ ሕንፃ ገዛን ብላችሁ ብድር እየሰጣችሁት ነው፤ እሱም በኪራይ ስም ይመልስላችኋል።

እኛ አገር መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ካርታውን፣ ያልተከፈለ ሊዝ መኖር አለመኖሩን፣ ዕዳና እገዳውን ሳታጣሩ ቀብድ እንዳትከፍሉ። እኔን በተለይ የሚያስፈራኝ ግን ለአሥር ዓመት ቁርጥ የተደረገ የብር ኪራይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የዓመት ጭማሪው ውሉ ላይ በቁጥር ይግባ።

ደግሞ የአባላቱን ቁጠባ በሙሉ እዚያ አታፍስሱት፤ ሰው ለልጁ ትምህርት ብድር ሲጠይቃችሁ ፎቅ ቆርሳችሁ አትሰጡትም። ሊፍቱ ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራም አሁኑኑ አጽፉ።