የድሮ የጂኦሎጂ ጽሑፎች ለዳታቤዝ ይጠቅማሉ ወይ? ለጠየቅከው መልስ

ወንድሜ፣ ጡረታ የወጡ መምህርህ ካርቶን ሙሉ የድሮ ቴሲስ፣ ሪፖርትና ካርታ ሰጥተውህ፣ ጂኦሮክ የሚባለው የድንጋይ ኬሚስትሪ ዳታቤዝ ላይ ማስገባት ይቻል እንደሆነና ይሄ ሁሉ ያረጀ ወረቀት ለማን እንደሚጠቅም ጠይቀሃል። ይቻላል። በጣምም ይጠቅማል። እኔም እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርህ።

ስለ ጥቅሙ ብዙ አትጨነቅ። እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት ብላንፎርድ ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ ድረስ ሄዶ በፈረንጅ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ብሎ ያወጣቸው ስሞች ዛሬም በካርታዎቻችን ላይ አሉ። ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ በ2017 ዓ.ም. መሬቱ ያለማቋረጥ ሲንቀጠቀጥ፣ ከዚህ በፊት በአገራችን ምን ተከስቶ ነበር ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ፒየር ጉዋን በፈረንጅ በ1979 ስለ አገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ያሳተመው መጽሐፍ ዋናው መነሻ ነው። እሱም ቢሆን የተሠራው ከድሮ ዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ ጭምር ተለቅሞ ነው።

አሁን ወደ ካርቶንህ። ሁሉንም ስካን ላድርግ ብለህ አትነሳ፣ ትደክማለህ። በታወቀ መጽሔት የወጣውን ለጊዜው ተወው፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። አንተ ማትረፍ ያለብህ ሌላ ቦታ የሌለውን ነው፤ ያልታተመ ቴሲስ፣ የማዕድን ፍለጋ ሪፖርት፣ የመስክ ማስታወሻ፣ ከሪፖርቱ ጀርባ ኪስ ውስጥ የተጣጠፈ ካርታ። ካርታውን በቀለም ስካን አድርገው፣ ጠርዙንና መስፈርቱን አትቁረጥ።

ጂኦሮክን በተመለከተ አንድ ነገር እወቅ። የሚተዳደረው በጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በዋናነት የሚለቅመውም ከታተመ ሥራ ነው። ስለዚህ ያልታተመውን ቴሲስ መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማከማቻ ወይም ዜኖዶ በተባለው የምርምር ሥራ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጠህ በቋሚ መለያ (ዲኦአይ) እንዲጠቀስ አድርግ። ከዚያ ለጂኦሮክ ሰዎች ጻፍላቸው።

ዋናው ልፋት ግን ቁጥሩ ላይ ነው። የናሙና ቁጥር፣ ቦታና የተመረመረበት ዘዴ የሌለው ሰንጠረዥ ብዙም አይረዳም። ቦታው ከድሮ የአገራችን ካርታ የተነበበ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በአዲንዳን ዳተም (ካርታው ቦታ የሚለካበት መነሻ) ነው የሚሆነው። ሳትቀይር ዛሬ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ደብልዩጂኤስ 84 ላይ ብታስቀምጠው ወደ 200 ሜትር ይስትሃል፣ ጠባብ ዳይክ (ሌላ ድንጋይ ሰንጥቆ የገባ ቀጭን የቅልጥ ድንጋይ ግድግዳ) ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ድንጋይ ላይ ያርፋል። የቦታ ስምም አሮጌውንና አዲሱን አብረህ ጻፍ፤ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ናዝሬትና አዳማ። 1965 የሚል ቀን ካየህ በኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ሳታረጋግጥ አታስገባ።

ብረትን በደንብ እየው። የድሮው የላብራቶሪ ሥራ ሁለቱን የብረት ኦክሳይዶች ለየብቻ ይሰጣል፣ የኤክስአርኤፍ (በኤክስሬይ የሚደረግ ምርመራ) ውጤት ግን ጠቅላላውን ነው የሚነግርህ፣ ስለዚህ እንዳለ ገልብጠህ ዘዴውን ጻፍ እንጂ አንተ አትደምረው። የጣሊያን ጽሑፍ ከሆነ አስርዮሹ በኮማ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲያነበው ይዘባርቃል። ለማጣሪያ ያህል በሰንጠረዡ ያሉትን ኦክሳይዶች ሁሉ ደምር፣ ወደ 100 ካልተጠጋ ከወረቀቱ ጋር እንደገና አመሳክር። በፈረንጅ ከ1977 በፊት በፖታሲየም አርጎን ዘዴ የተለካ የድንጋይ ዕድሜ ካለ ደግሞ በአሮጌው የመበስበስ ቋሚ (ፖታሲየም የሚበሰብስበትን ፍጥነት በሚያሳየው ቁጥር) የተሰላ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 30 ሚሊዮን ዓመት የተባለው በአዲሱ ወደ 30.8 ይጠጋል። አንተ የታተመውን ቁጥር ሳትነካ የተስተካከለውን በሌላ ዓምድ አስቀምጥ።

የመብት ነገር፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ሙሉውን ቴሲስ ለሕዝብ ከመልቀቅህ በፊት ጸሐፊውን ወይም ቤተሰቡን አስፈቅድ። የኩባንያ ሪፖርት ከሆነ ባለቤቱን ጠይቅ።

በአንድ ቴሲስ ጀምር። ሰንጠረዡን ስትጨርስ እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን። ከዚያ በፊት ግን ካርታውን ይዘህ መምህርህ ቤት ሂድ። ናሙናዎቹ ከየትኛው ወንዝ ዳር፣ ከየትኛው ገደል ሥር እንደተነሱ በጣታቸው እያሳዩህ አንተ ምልክት አድርግ፣ ከፈቀዱልህም ድምፃቸውን ቅረጽ። ይሄ ወረቀቱ ላይ የለም።