ጥያቄና መልስ፦ በዓይኔ የማያቸው ኮከቦች ፎቶው ላይ የት ይገባሉ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ወጥቼ ሰማዩን በስልኬ ለማንሳት እሞክራለሁ፣ ግን ኮከቦቹ ወይ ጭራሽ አይወጡም ወይ የተጎተተ መስመር ይሆናሉ፣ ጨረቃ ደሞ ነጭ ኳስ ብቻ ነች። ባለቤቴ ስልክሽ ነው የማይረባው፣ ካሜራ ግዢ ይለኛል። እውነት መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አሁን ብር አታውጪ። የኮከብ ብርሃን በጣም ትንሽ ስለሆነ ካሜራው ብዙ ሰከንድ ተከፍቶ መቆየት አለበት፣ በዛ ሁሉ ሰከንድ ደሞ የማንም እጅ ፀጥ አይልም። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ካለሽ ጥሩ፣ ከሌለሽ ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፈሽ ወደ ላይ አቅኚው፣ ታይመር መጠቀም አትርሺ ምክንያቱም ቁልፉን ስትነኪው ራሱ ስልኩ ይነቃነቃል። ሌንሱንም በንጹህ ጨርቅ ጥረጊው፣ የጣት ቅባት ካለበት ደማቁ ኮከብ ሁሉ ጉም ይለብሳል። የክፍሉ መብራት ይጥፋ፣ ፍላሽም።

ከዛ የካሜራሽ ፕሮ ሞድ (ሁሉን ራስሽ የምታስተካክዪበት) ግቢና አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) 1600፣ ሹተር (ካሜራው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) 10 ሰከንድ ብለሽ ጀምሪ። ሰማዩ ከነጣ አይኤስኦውን ቀንሺ። ከ20 ሰከንድ በላይ ግን አትሂጂ፣ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ኮከቦቹ መጎተት ይጀምራሉ። 20 የመጣው 500ን ለሌንሱ ፎካል ሌንግዝ (ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ የሚለካበት ቁጥር) ከማካፈል ነው፣ የብዙ ስልክ ዋና ካሜራ በትልልቅ ካሜራዎች (ፉል ፍሬም) ስሌት ከ25 ሚሊሜትር ጋር ስለሚቀራረብ። በ2 እጥፍ ዙም ካደረግሽ 10 ሰከንድ ይበቃሻል።

ፎከስ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። ጨለማ ውስጥ አውቶፎከስ የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ ይዋዥቃል፣ ስለዚህ ማኑዋል (በእጅ የሚስተካከል) አድርጊውና ወደ ሩቁ ጫፍ ውሰጂው፣ ግን ምልክቱን ብቻ አትመኚ፣ አንድ ሁለት ፎቶ አንስተሽ ኮከቡን አጉልተሽ እዪ፣ ድቡልቡል ከሆነ ትንሽ መልሺው፣ እንደ መርፌ ጫፍ እስኪሆን ድረስ። እኔ ኦሪዮን የሚባለውን የኮከቦች ስብስብ መጀመሪያ እንዲህ ሳወጣው ማመን አቅቶኝ ነበር፣ ሦስቱ የቀበቶ ኮከቦች ተደርድረው፣ ትከሻው ላይ ቢተልጁዝ ቀላ ብላ፣ እግሩ ጋ ራይጀል ሰማያዊ ነጭ ሆና። ዓይናችን በጨለማ ቀለም መለየት ይቸግረዋል፣ ካሜራው ግን ሰብስቦ ያሳይሻል። ከቀበቶው ዝቅ ብሎ የደበዘዘ ጭጋግ ካየሽ የሌንስ ቆሻሻ አይደለም፣ የኦሪዮን ኔቡላ (በሕዋ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ነው፣ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል።

ጨረቃ ግን ሌላ ጉዳይ ነች፣ ፀሐይ የምታበራት ስለሆነ ለካሜራው እንደ ቀን ቁጠሪያት። አይኤስኦ 100 ወይ ከዛ በታች፣ ሹተር ከ1/500 ሰከንድ ጀምረሽ ጥቋቁር ቦታዎቿ እስኪለዩ አፍጥኚው። ያኔ ኮከቦቹ ይጠፋሉ፣ ሁለቱን በአንድ ፎቶ ለማውጣት አትድከሚ። ደሞ ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን አንሺያት፣ ብርሃንና ጨለማው የሚገናኙበት መስመር ላይ ጥላው ስለሚረዝም ጉድጓዶቿ ፍጥጥ ብለው ይታዩሻል።